ሮብ ገበያ የዋለው መዝገብ ወዴት ሄደ? በፓይተን የድረ ገጽ ፕሮግራሞች ስለሚያጋጥሙ የሴሽንና የሴሪያላይዜሽን ብልሽቶች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራሮች በሚያቀናው አቅጣጫ የምትገኘው ሮብ ገበያ፣ ስሟ እንደሚመሰክረው፣ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ የሚቆምባት የደጋ ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ በዋለ አንድ ረቡዕ፣ አንድ ወጣት መዝጋቢ ከጠዋት ጀምሮ በገበያው እየተዘዋወረ የገብሱን፣ የስንዴውንና የድንቹን ዋጋ በእጅ ስልኩ ሲመዘግብ ዋለ። መዝገቡ የሚደርሰው ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው በፓይተን ቋንቋ ወደ ሠሩትና እኛም ወደ አማከርንበት የገበያ ዋጋ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ነበር። ወጣቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጭኖ ሥራውን ለማስረከብ ገጹን ሲከፍት፣ የዋለበት ዝርዝር በሙሉ ባዶ ሆኖ ጠበቀው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የቀን አበል የሚከፍለው መሥሪያ ቤት በሰርቨሩ ላይ አንድም መስመር እንዳልገባ ሲያይ፣ ወጣቱ ገበያ ሳይወጣ ውሏል ብሎ ደመደመ፤ አበሉንም ያዘበት። «ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም» የሚለው ቃል ከሰው ቃል በለጠ። ያለፈ ረቡዕ ዋጋ ደግሞ ተመልሶ የሚጠየቅ አይደለም፤ ገበያተኛው ወደየቀዬው ተበትኗል።

ፕሮግራሙ የእኛ ስለሆነ ጥፋቱም የእኛ ሊሆን እንደሚችል አሰብን። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን እንዴት እንደመረመርነው እያወጋን፣ ሴሽንና ሴሪያላይዜሽን የሚባሉት ነገሮች ምን እንደሆኑና ለምን እንደሚበላሹ ለማስረዳት እንሞክራለን። ፓይተንን በጥቂቱ የሞከረ አንባቢ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ያልሞከረውም ግን ፍሬ ነገሩ አያመልጠውም።

ድረ ገጾች ከሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ የተባለው የመግባቢያ ሥርዓት በጠባዩ ዝንጉ ነው። የተወጠነው በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ውስጥ፣ በቲም በርነርስ ሊ እጅ ነበር፤ የታሰበውም የሳይንስ ሰነዶችን ለመለዋወጥ ነው። ሰነድ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ቀደም ምን ጠይቆ እንደነበር ማስታወስ አያስፈልግም። ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ ይሄዳል፣ ሁለቱም ይረሳሳሉ። ድረ ገጽ ለንግድና ለአገልግሎት መዋል ሲጀምር ግን ይህ ዝንጋታ ችግር ሆነ። በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ኩኪን የፈጠረው ለዚህ ነው።

ነገሩን በገበያ እንመስለው። አንድ ገበያተኛ አህያውንና ጭነቱን ከገበያው ዳር ባለ ግቢ አደራ ይሰጣል እንበል። አደራ ጠባቂው በጣም ዝንጉ ሰው ስለሆነ የማንንም ፊት አያስታውስም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ይሰጣል፤ ያንኑ ቁጥር በጭነቱም ላይ ያስራል። ገበያተኛው በተመለሰ ቁጥር ካርቶኗን ያሳያል፤ ጠባቂውም ጭነቱን ያወጣለታል። ካርቶኗ ኩኪ ናት፤ በብራውዘሩ ውስጥ ትኖራለች። ጭነቱ የተቀመጠበት መጋዘን የሴሽን ማከማቻ ነው፤ በሰርቨሩ በኩል ይኖራል። በፓይተን ከተሠሩት የድረ ገጽ ማዕቀፎች መካከል ጃንጎ እንደ ልማዱ ከሠራ ጭነቱን በዳታቤዝ ሰንጠረዥ ያኖራል። ፍላስክ በበኩሉ ጭነቱን እዚያው ካርቶኗ ላይ ጽፎ፣ እንዳይፋቅ በምስጢር ቁልፍ ፈርሞ ለባለቤቱ ያሸክመዋል። የተፈረመ ማለት ግን የተሰወረ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የፍላስክን ኩኪ ማንም ባለቤት ፈትቶ ሊያነበው ይችላል።

ጭነቱ ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት መፈታት አለበት። የገበያ ዳስ ሲነሣ ምሰሶው፣ ገመዱና ሸራው ተቆጥሮ ይታሰራል፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ መልሶ ይተከላል። በኮምፒውተር ማስታወሻ ውስጥ ያለ ሕያው ኦብጀክትም እንዲሁ ነው። ክፍሎቹ በማስታወሻው ውስጥ ተበታትነው በአድራሻ ይያያዛሉ፤ ፕሮሰሱ ሲቆም አድራሻዎቹ ትርጉም ያጣሉ። ስለዚህ ኦብጀክቱን በአንድ መስመር የሚደረደር የባይት ሰንሰለት ማድረግ ያሻል፤ ይህ ሴሪያላይዜሽን ይባላል። በዳሱ ውስጥ ሲነድ የነበረውን እሳት ግን በጆንያ ጠቅልሎ መሸከም አይቻልም። የተከፈተ ፋይል፣ የዳታቤዝ ግንኙነት፣ በመካሄድ ላይ ያለ ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ እሳቶች ናቸው፤ ከሴሽን ውስጥ ሊገቡ አይችሉም።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሐሳብ በሌላ ስም ያውቀዋል። የአንድን ቅንጣት የወደፊት ጉዞ ለማስላት ቦታውንና እንድርድሪቱን፣ እንዲሁም የሚያርፍበትን ኃይል ማወቅ ይበቃናል፤ ቅንጣቱን ራሱን ጠቅልለን ወደ ደብተራችን አናስገባውም። ከተማሪዎቻችን ጋር ስንከራከር ደጋግመን የጠየቅነውም ይህንኑ ነበር፦ የነገሩን ሁኔታ ለመግለጽ የሚበቃው ትንሹ የቁጥርና የቃል ስብስብ የትኛው ነው?

በፓይተን ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት መንገዶች ጄሰንና ፒክል ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም የታሪካችን ቋጠሮ ነው። ጄሰን የክፍሎቹን ዝርዝር ብቻ በግልጽ ጽሑፍ ያሰፍራል፤ የሚያውቃቸውም ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፤ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝር፣ መዝገበ ቃላት፣ እውነት፣ ሐሰትና ባዶ። ፒክል ግን የሚጽፈው መልሶ የመትከያ ትእዛዝ ነው። «ይህን ክላስ ከዚህ ፋይል አምጣ፣ በእነዚህ ዋጋዎች ሙላው» ይላል። የክላሱን አሠራር ግን አይጽፈውም፤ ስሙንና የሚገኝበትን ፋይል አድራሻ ብቻ ይመዘግባል። ክላሱ ከዚያ አድራሻ ከተነሣ የተጻፈው ትእዛዝ ባለቤት እንደሌለው ደብዳቤ ይሆናል።

ወደ ምርመራችን እንመለስ። በመጀመሪያ የጠረጠርነው የቀድሞ ሕመማችን ያገረሸ መሆኑን ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ፕሮግራሙ በተማሪዎቹ ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር ያለ እንከን ይሠራ ነበር፤ ከክፍላችን ጥግ ወደ ተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ሲዛወር ግን መዝገቡ ያለ ምክንያት ይጠፋ ጀመር። ምክንያቱ ሴሽኑ በፕሮሰሱ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ እንዲቀመጥ መደረጉ ነበር። በላፕቶፑ ላይ የሚሠራው አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነው፤ በሰርቨሩ ላይ ግን ሥራውን አራት ፕሮሰሶች ይካፈሉታል፤ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው አያይም። አራት አደራ ጠባቂዎች፣ አራት መጋዘኖች፣ በር ላይ ግን አንድ ወረፋ! አራቱ እኩል ዕድል ቢኖራቸው፣ አሥር ተከታታይ ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ፕሮሰስ ላይ የሚያርፉበት ዕድል ከ262,144 አንድ ነው። ጃንጎ ደግሞ በካርቶኗ ቁጥር ምንም ጭነት ካላገኘ ካርቶኗን ራሷን ይሰርዛታል ወይም በአዲስ ይተካታል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተሳሳተው መጋዘን የደረሰ ሰው ወደ ትክክለኛው ቢመለስም የሚያሳየው የለውም። ይህን በመጋቢት ደርሰንበት ሴሽኑን ወደ ዳታቤዝ አዛውረነው ነበር። በሚያዝያም እንደተዛወረ አገኘነው። ሕመሙ ሌላ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ መላ ምት ከመደርደር ይልቅ የኤሌክትሪክ ወረዳ እንደሚፈተሽ መንገዱን ከመሐል እየቆረጡ መፈተሽ ይሻላል። አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል አነሣን። ካርቶኗ ከስልኩ ተነሥታ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሳለች ወይ? በቁጥሯ የተመዘገበ ጭነት በመጋዘኑ አለ ወይ? ጭነቱ ሲፈታ ይፈታል ወይ? ከተፈታና ከተለወጠ በኋላ ተመልሶ ይቀመጣል ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሰጠን ሎጉ ነው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ የፕሮሰሱን ቁጥርና የሴሽኑን ቁልፍ የመጀመሪያ ስድስት ፊደላት እንዲጽፍ አድርገነው ነበር። (ቁልፉን በሙሉ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ ሎጉን ያነበበ ሁሉ በሌላ ሰው ስም ሊገባ ይችላልና።) ከሮብ ገበያ የመጣው ቁልፍ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድና ያው ነበር። ለሁለተኛው ጥያቄ የዳታቤዙን ሰንጠረዥ ከፈትን። በዚያ ቁልፍ ትይዩ እጅግ ረጅም የሆነ የፊደላት ሰንሰለት ተቀምጧል! ባዶ ሴሽን እንዲህ ሊረዝም አይችልም። ወጣቱ ገበያ ውሎ ነበር።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ግን ጃንጎ ያንኑ ሰንሰለት ፈትቶ «ባዶ» ብሎ መለሰልን። ስሕተት የሚል ቃል የለም፤ ሎጉም ዝም ብሏል። እዚህ ላይ ነው የጃንጎን የራሱን ኮድ ለማንበብ የተገደድነው። ሴሽኑን የሚፈታው ክፍል፣ ሲፈታ ማናቸውም ስሕተት ቢያጋጥመው ስሕተቱን ውጦ ባዶ መዝገብ እንዲመልስ ተደርጎ ተጽፏል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አንድ የተበላሸ ሴሽን ገጹን በሙሉ ከሚያፈርስ ጎብኚው እንደ አዲስ ሰው ቢቆጠር ይሻላል ተብሎ ነው። ለእኛ ወጣት ግን ይህ ጨዋነት ውሸታም የሚያሰኝ ሆነበት። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለ ዝምታ ቢያንስ በሎግ ላይ አንድ መስመር ሊኖረው ይገባ ነበር።

ስለዚህ የጃንጎን መፍቻ ወደ ጎን ትተን ፊርማውን ራሳችን አረጋግጠን ጭነቱን በቀጥታ ለፒክል ሰጠነው። ፒክል አልዋሸም፦ ዋጋ የተባለውን ክላስ በተጻፈለት ፋይል ውስጥ ማግኘት እንዳልቻለ ተናገረ።

የኋላ ታሪኩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ምርት ስም፣ መለኪያ፣ ዋጋና ሰዓት የሚይዝ ክላስ ሠርተው ነበር። በውስጡ ዋጋው ዴሲማል በተባለው የቁጥር ዓይነት ተቀምጧል፤ ይህም በራሱ ትክክል ነው፤ በተለመደው ተንሳፋፊ ነጥብ 0.1 ሲደመር 0.2 በፓይተን 0.30000000000000004 ይሰጣልና ለገንዘብ አይመችም። ጄሰን ግን ዴሲማልንም ክላሱንም አላውቅም ብሎ ስሕተት አወጣ። ተማሪዎቹ ከስሕተቱ ለመገላገል የሴሽኑን አጻጻፍ ወደ ፒክል ለወጡት፤ ያን ጊዜ እንጠቀምበት የነበረው ጃንጎ 3.2 ይህን ይፈቅድ ነበር። ስሕተቱ ጠፋ፤ ሁሉም ተደሰተ፤ እኛም አልተቃወምንም። በዚያ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ ፋይሎቹን ሥርዓት ለማስያዝ ብሎ ክላሱን ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ አዛውሮ ሰርቨሩን አስነሣ። በቀየረው ኮድ ውስጥ አንድም ስሕተት የለበትም። ከጠዋት ጀምሮ በመጋዘኑ የታሰረው ጭነት ግን ክላሱን በአሮጌው አድራሻ ይፈልግ ነበር።

ክላሱ በአሮጌው ፋይል ስሙ እንዲገኝ አንድ መስመር ጨመርን። ጭነቱ ተፈታ፤ የዕለቱ 37 መስመሮች ከነሰዓታቸው በማያው ላይ ተዘረገፉ። የመጀመሪያው የተመዘገበው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ዝርዝሩን አትመን ለመሥሪያ ቤቱ ላክን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለናል። መዝገቡን ያዳነው የእኛ ብልሃት ሳይሆን የወጣቱ ጥንቃቄ ነው። ባዶውን ዝርዝር ባየ ጊዜ እንደገና መመዝገብ ቢጀምር ኖሮ፣ ጃንጎ አዲሱን ዝርዝር በዚያው ቁልፍ ላይ ይጽፈውና አሮጌው ለዘለቄታው ይጠፋ ነበር። እሱ ግን ምንም ሳይነካ ስልኩን አጥፎ ደወለልን። ባዶ ሴሽንን ማንበብ ጉዳት የለውም፤ በላዩ መጻፍ ነው የሚያጠፋው። የሴሽኑ ዕድሜም ጃንጎ እንደ ልማዱ በሚወስነው በሁለት ሳምንት ተይዞ ስለነበር በቂ ጊዜ አግኝተናል።

አራተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ተመልሶ ይቀመጣል ወይ የሚለው፣ በዚህ ጉዳይ ባይነካንም ብዙ ጀማሪዎችን የሚያታልል ስለሆነ ጥቂት እንበልበት። ጃንጎ ሴሽኑን የሚያስቀምጠው መለወጡን ሲያውቅ ብቻ ነው። በሴሽኑ ውስጥ አዲስ ነገር ስናኖር ያውቃል፤ አስቀድሞ በውስጡ ባለ ዝርዝር ላይ አንድ ነገር ብንጨምር ግን አያውቅም፤ የመጋዘኑ ጠባቂ የሚቆጥረው ጆንያዎቹን እንጂ በጆንያው ውስጥ ያለውን ድንች አይደለምና። ስለዚህ ሴሽኑ መለወጡን በግልጽ ምልክት ማድረግ ወይም ዝርዝሩን በሙሉ መልሶ ማኖር ያስፈልጋል። ከዚህ የሚቀርብ ሌላም ወጥመድ አለ፦ ጄሰን የመዝገበ ቃላት ቁልፎችን ሁሉ ጽሑፍ ያደርጋቸዋል። በቁጥር 3 ያስቀመጡትን ነገር በሚቀጥለው ገጽ በቁጥር 3 ቢፈልጉት አይገኝም፤ ቁልፉ «3» የሚል ጽሑፍ ሆኗል። በዚያው ገጽ ላይ ሲሞከር ግን ገና ስላልተጻፈ በትክክል ይሠራል። ለዚህ ነው ማናቸውንም ነገር ጽፎ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶና አስነሥቶ፣ መልሶ አንብቦ ከመጀመሪያው ጋር ማወዳደር ዋነኛው ፈተና የሚሆነው።

መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ፈተና ሳይጠራ ይመጣል። አንዳንድ ሰዎች የፊርማውን ምስጢር ቁልፍ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በዕጣ እንዲወጣ ያደርጉታል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የቀድሞ ፊርማዎች ሁሉ ዋጋ ያጣሉ፤ ተጠቃሚዎችም በአንድ ጊዜ ከውጭ ይቀራሉ። ቁልፉ ከኮዱ ውጭ፣ በቋሚ ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል። የኮምፒውተሩ ትንሿ የሰዓት ባትሪ ከሞተች ደግሞ ሰርቨሩ ሲነሣ ሰዓቱ ዓመታትን ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ፍላስክ ፊርማው የተፈረመበትን ሰዓት በኩኪው ላይ ስለሚያትም፣ የትናንቱ ፊርማ ገና ወደፊት የሚፈረም መስሎ ይታየውና አይቀበለውም።

ከፊደላችንና ከቀን መቁጠሪያችን የሚመጡ ነገሮችም አሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። የፓይተን ጄሰን እንደ ልማዱ ከተተወ ግን እያንዳንዱን ፊደል በስድስት የላቲን ምልክቶች ይተካዋል፤ ይህም ለኩኪ እንዲመች ቤዝ 64 በሚባለው አጻጻፍ ሲቀየር ስምንት ባይት ይሆናል። ብራውዘሮች ለአንድ ኩኪ የሚፈቅዱት 4,096 ባይት ያህል ነው፤ ሳይታመቅ ከተጻፈ ከ512 ፊደል አይበልጥም፤ ግማሽ ገጽ እንኳ የማይሞላ የአማርኛ ጽሑፍ ማለት ነው። ፍላስክ ሲያዋጣው ጭነቱን ያምቀዋል፤ ቢሆንም በእንግሊዝኛ የተሞከረ ፕሮግራም በአማርኛ ሲሠራበት ኩኪው ሞልቶ ብራውዘሩ ሳይናገር ሊጥለው ይችላል። ቀንን በተመለከተ የፓይተን መደበኛ የቀን ዓይነት 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጳጉሜን 3 ብሎ ለማስገባት የሞከረ ሁሉ ስሕተት ይገጥመዋል። ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለውጦ በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ለተጠቃሚው ሲያሳዩ ወደ እኛው መመለስ ቀላሉ መንገድ ነው።

ፒክልን በተመለከተ ከመበላሸት የከፋም ነገር አለ። ፒክል ትእዛዝ ነው ብለናል፤ ትእዛዙን የጻፈው ክፉ ሰው ከሆነ ጭነቱ ሲፈታ የፈለገው ፕሮግራም በሰርቨሩ ላይ ይሠራል። ሴሽኑ በኩኪ ውስጥ በፒክል ከተጻፈና የምስጢር ቁልፉ በማናቸውም መንገድ ከወጣ፣ ሰርቨሩ በሌላ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። የጃንጎ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 1.6 መደበኛውን የሴሽን አጻጻፍ ከፒክል ወደ ጄሰን የለወጡት፣ በ2023 በወጣው 5.0 ደግሞ የፒክሉን አጻጻፍ ጨርሰው ያስወጡት በዚህ ሥጋት ነው። በአሮጌ ቅጂ የተሠራ ፕሮግራም ያላቸው አንባቢዎች ወደ አዲሱ ከመሻገራቸው በፊት ሴሽኖቻቸው በምን እንደተጻፉ ቢያዩ ይጠቀማሉ።

በእኛ ፕሮግራም ያደረግነው ማስተካከያ አጭር ነበር። ዋጋው በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር እንዲቀመጥ ሆነ፤ 27 ብር ከ50 የነበረው 2,750 ተብሎ ይጻፋል፤ ጄሰንም አያጉረመርምም። እያንዳንዱ መስመር እንደተመዘገበ በቀጥታ ወደ ራሱ ሰንጠረዥ ይገባል፤ በሴሽኑ ውስጥ የቀሩት የመዝጋቢው ቁጥርና የገበያው ቁጥር ብቻ ናቸው። ሴሽኑ ቢጠፋ መዝጋቢው እንደገና ከመግባት በቀር የሚያጣው የለም።

የወጣቱ አበል ከሦስት ሳምንት በኋላ ተለቀቀለት። ከዚያ ወዲህ ሥራውን እስካቆመበት ጊዜ ድረስ፣ አንድ መስመር በላከ ቁጥር ስልኩ ላይ የሚወጣለትን የምዝገባ ተራ ቁጥር በትንሽ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይገለብጥ ነበር። ፕሮግራሙ አሁን አስተማማኝ ስለሆነ ይህን ማድረግ እንደማያስፈልግ አንድ ቀን ብንነግረው፣ ሣቅ ብሎ ደብተሩን ወደ ኪሱ መለሰው።